በአንዲት የምትሽከረከር ክብ ጦስ

ወልድያ ውስጥ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ ክብ መሽከርከር ስትጀምር ቤት ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው «ተዘጋ እንዴ?» ነው። ሁለተኛው «ጥቅሉ አለቀ?» የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው፣ «ማነው የሚጠቀምብን?» የሚለው ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሦስተኛው ነው። ሰው የሚያጣላው እሱ ነዋ!

በመጀመሪያው ጥያቄ ማንም ላይ አልፈርድም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ ስትቆይ መብራትም ስልክም አልነበረም። ዓረብ አገር ያለች ልጅ እናቷ ትኑር አትኑር ሳታውቅ ነው የከረመችው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ቆየ። ይህን ያየ ቤተሰብ፣ ክቧ ሁለት ዙር ስትዞር ልቡ ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

ነገሩ የሆነው እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ጅዳ ናት። ባለፈው ዓመት ቤት ድረስ ኢንተርኔት አስገባችላቸው፤ ቀጥላም ከቴሌቪዥን ጀርባ የምትሰካ፣ ጣት የምታክል ስቲክ በሰው እጅ ላከችላቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ማታ ማታ ከመካ የሐረሙን የቀጥታ ሥርጭት ሳያዩ አይተኙም። ልጅቷ ሥራ ስታርፍ ኡምራ እንደምትሄድ ነግራቸዋለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዞር ልጃቸውን ይፈልጋሉ! እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

ታዲያ ሥርጭቱ ቀን ቀን ጥርት ብሎ እየሠራ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሲል መቆራረጥ ጀመረ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ደግሞ ማን ከሥራ ይገባል? መድኃኒት ቤት የምትሠራው ተከራይ። ቤቱን ስትከራይ ፓስዎርዱን የሰጧት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ስትገባ ክቧ ትነሳለች፣ ልጅቷ ስትተኛ ክቧ ትተኛለች። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

መጀመሪያ የቀረው ቡና መጠራት ነው። ወሎ ግቢ ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ጀበናው እየሸተታት፣ የስኒው ኮሽታ እየተሰማት፣ ማንም «ነይ» ሳይላት በሯን ዘግታ መቀመጥ ማለት ነው። ቀጥሎ ፓስዎርዱ ተቀየረ። ክቧ ግን መሽከርከሯን አልተወችም። ሰው አንዴ ከጠረጠረ ደግሞ መልስ አያጣም። «ሰብራ ገብታለች፤ የዘንድሮ ልጆች የማይችሉት የለም» አሉ። በሳምንቱ «ሌላ ቤት ፈልጊ» ተባለች።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትምህርቴም 12ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ነገር ግን አንድ ሰው ቤቱን ሊለቅ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። «እትዬ፣ እስቲ እኔ ልየው» ብዬ ገባሁ።

«ምኑን ታየዋለህ ልጄ? የታየ ነገር ነው!»

«ቢሆንም፣ አንዴ ብቻ።»

መጀመሪያ ያየሁት ማን እንደሚጠቀም ነው። ይሄንን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ራውተሩን ገልብጣችሁ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። የመግቢያ አድራሻና የይለፍ ቃል አለው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ነው። በዋይፋዩ በተገናኘ ስልክ ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ስትጽፉ ራውተሩ ማን ማን እንደገባበት ይዘረዝርላችኋል። በእትዬ ዝርዝር ላይ ስድስት ነበሩ። የተከራይዋ ስልክ የለበትም። ያልታወቁ ሁለት ስልኮች ግን ነበሩ፤ ለካ የመጨረሻ ልጃቸው አዲሱን ፓስዎርድ ለሁለት ጓደኞቹ አድሎታል! ልጁ ተቆጣ፣ ስልኮቹ ወጡ፣ ሁላችንም ሶፋ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። 1 ሰዓት ሲሆን ክቧ መጣች። እንግዲህ ሌብነት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አበቃ።

ከዚያ ዋናውን ፍተሻ አደረግሁ። እናንተም ቴክኒሺያን ከመጥራታችሁ፣ ከሰው ጋርም ከመጣላታችሁ በፊት ይችን አድርጉ። የስልካችሁን ሞባይል ዳታ አጥፉና በዋይፋይ ብቻ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማችሁ ያንኑ ቪዲዮ ክፈቱ። ስልኩም ከተሽከረከረ ወደ ራውተሩ ተጠጉ። ራውተሩ ሥር ደህና ከሠራ ጥፋቱ ግድግዳውና ርቀቱ ነው። ራውተሩ ሥርም ካልሠራ መስመሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ነው ለኩባንያው መደወል። ስልኩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እየሠራ ስቲኳ ብቻ ከተሽከረከረች ደግሞ በሽታው ስቲኳ ጋ ነው ማለት ነው። የእትዬ ቤት ይኸኛው ነበር። ስልኬ ላይ ሐረሙ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ክብ ይዞራል።

ለምን? የስቲኳን መኖሪያ ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ከጀርባው፣ በብረትና በብሎኬት መካከል ተቀርቅራለች። ራውተሩ ደግሞ ጓዳ ካለው ብፌ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ቆንጆ ነው፤ እንደ ሙሽራ። ግን ብረትና መስታወት ሞገድ ይመልሳሉ፤ ዳንቴሉም ሙቀት ያፍንበታል። በዚያ ላይ ብዙ ስቲኮች ኤችዲኤምአይ ላይ በቀጥታ ሲሰኩ፣ ከሶኬቱ የሚወጣ ረብሻ 2.4 ጊጋሄርትዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ያውክባቸዋል።

የምሽቱ 1 ሰዓት ምስጢርስ? ስልኬ ላይ የሚታዩትን የዋይፋይ ስሞች ቆጠርኳቸው። ቀን አራት ነበሩ፤ ማታ አሥራ አንድ። ጎረቤቱ ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ሆትስፖቱን ይከፍታል፣ ቪዲዮውን ይከፍታል። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አሥራ አንድ ቤት በሦስት መንገድ ሲጋፋ፣ ቀድሞም የደከመችው የእትዬ ስቲክ ትሸነፋለች። ልጅቷ ከሥራ የምትገባው ሰፈሩ ሁሉ በሚገባበት ሰዓት ነው። ወንጀሏ ይሄው ነው።

መድኃኒቱስ? የስቲኳን ካርቶን አስመጣሁ። ከታች በላስቲክ እንደታሸገች አንዲት አጭር ማስረዘሚያ ገመድ ተኝታለች። ከጅዳ መጥታ ማንም አልነካትም! ስቲኳን በእሷ በኩል ሰክቼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወደ ጎን አወጣኋት። ራውተሩ ከብፌው ወጥቶ ጓዳውና ሳሎኑ መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ዳንቴሉ ወደ ሬዲዮው ተዛወረ። ከዚያ ስቲኳን 5 ጊጋሄርትዝ ወደሚባለው አሻገርኳት። እሱ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ጉዳቱ ግድግዳ ማለፍ ላይ መስነፉ ነው። በራውተሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ሁለት ሦስት ግድግዳ ያላችሁ 2.4 ላይ ብትቆዩ ይሻላችኋል።

ምሽት 1 ሰዓት ሆነ። ሐረሙ ወለል አለ። እትዬ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሰዎቹን መፈለግ ጀመሩ።

ስለ ፍጥነትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥርት ላለ ሥዕል 5 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ይበቃል፤ ኔትፍሊክስም ለደንበኞቹ የሚለው ይህንኑ ነው። ከባዱ ጥቅሉ ነው፤ በዚሁ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጂቢ ይበላል። በሲም ካርድ ራውተር የምትጠቀሙ ጥራቱን ቀንሱ፣ ያለበለዚያ «ጥቅሌን ሰረቁኝ» ማለታችሁ አይቀርም።

የመርሳው ወዳጄ ጉዳይ ደግሞ ጉድ ነው። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ቦክሱ ላይ ግን አንድም መተግበሪያ አይከፈትም። ለካ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቦክሱ ሰዓት ተዛብቶ፣ አባቱ ተቆርቁረው አስተካክለውታል፤ ያውም በእኛ አቆጣጠር! ዓመቱን 2017 አሉት። መተግበሪያዎቹ ከመከፈታቸው በፊት የየድርጅቱን የምስክር ወረቀት ቀን ያመሳክራሉ፤ ቦክሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲቆጥር «ይሄ ወረቀት ገና አልጸደቀም» ብሎ ይዘጋል። ቀኑን በራሱ እንዲሞላ ሲደረግ ሁሉም ተከፈተ። አባትዬውም «ታዲያ የሚሠራው ኢትዮጵያ አይደል?» ብለው ተከራከሩ አሉ። እኔ ክርክሩ ደስ ብሎኛል።

ሌላው ኃይል ነው። ስቲኳን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ አትመግቧት፤ ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የሚሰጡት ግማሽ አምፔር ስለሆነ እየጠፋች ትነሳለች። አብሯት በመጣው ቻርጀር ከግድግዳ ስኩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግን ጽሑፉን አንብቡ። 100-240 ቮልት የሚል ካልሆነና 120 ብቻ ካለ፣ የእኛ 220 በአንድ አፍታ ጢስ ያደርገዋል።

ሪሴት ለማድረግ ደግሞ አትቸኩሉ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ የጎግል ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በመላው ዓለም በአንድ ቀን መሥራት አቆመ። ምክንያቱ የተጠቃሚው ዋይፋይ አልነበረም፤ ዕቃው ውስጥ ያለ የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፎ ነው። ጎግል «ሪሴት አታድርጉ» ብሎ አስጠነቀቀ፤ ቸኩለው ያጠፉ ግን ተጨማሪ ጣጣ ገጠማቸው። የእኛ ሰው ጣጣው ይብሳል። ስቲኳ የተከፈተችው ጅዳ ባለችው ልጅ አካውንት ነው፤ ካጠፋችኋት የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚሄደው እሷ ስልክ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ሰው ቤት ሥራ ላይ ናት።

ወደ ተከራይዋ ልመለስ። እትዬ በማግስቱ ቡና አፍልተው ራሳቸው በሯን አንኳኩ። «ልጄ፣ አውፍ በይኝ፤ ሸይጧን ነው» አሏት። ልጅቷም «ኧረ ምንም አይደል እትዬ» ብላ ሦስቱንም ስኒ ጠጣች። በወሩ መጨረሻ ግን ወጣች። ለሌላ ቤት ቀብድ ከፍላ ነበር፤ ቢመልሱላት እንኳ የምትቀር አልመሰለኝም።

ክፍሉ ሁለት ሳምንት ባዶ ከረመ። አሁን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገብቶበታል። ውሃና መብራቱን ሳይጠይቅ «ዋይፋይ አለው?» አለ። እትዬ ወደ እኔ ዞር አሉ። ራውተሩ ላይ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባል አለ፤ የራሱ ስምና የራሱ ፓስዎርድ ያለው፣ ከቤቱ ስልኮች ጋር የማይገናኝ። እሱን ከፈትኩለት፣ ድርሻውንም ከኪራዩ ጋር በየወሩ ሊከፍል ተስማማ። የመጨረሻው ልጅ ከኋላ ቆሞ ፓስዎርዱን በዓይኑ ሲያነብ ግን አይቼዋለሁ።