ጉጉትን በቀን ፍለጋ

ጉጉት በሌሊት ከቤት አጠገብ ከጮኸች የሞት መልእክተኛ ናት የሚለው እምነት ከብዙዎቻችን ልብ ገና አልወጣም። እኔም ከአያቴ የወረስኩት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን ለሠራዊቱ ቤተሰቦች ባካፍል መልካም መስሎ ታየኝ።

ባለቤቴ ለግዳጅ ከሮቤ ርቆ በሄደበት ወቅት ለሦስት ሳምንታት ድምፁ ጠፋብኝ። በእነዚያው ቀኖች ከጓሮአችን ዛፍ ላይ ጉጉት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ጮኸች። ጎረቤቶቼ «አስገድያት» አሉኝ። የአሥር ዓመቱ ልጄ ወንጭፉን ይዞ ሲወጣ አልከለከልኩትም። ዛፉን ሁሉ ቢያስስ ግን አላገኛትም። እኔም እንቅልፍ አጥቼ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጥኩ ሰነበትኩ።

ባለቤቴ ስልክ በማይሠራበት ስፍራ ስለ ነበረ ነው እንጂ አንዳች ክፉ ነገር አላገኘውም ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። «የፈሩትን ነገር ቀርቦ ማየት ነው» ብሎ እኔንና ልጃችንን ወደ ዲንሾ ይዞን ሄደ።

ዲንሾ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። ፓርኩ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ሲግጥ ይታያል። ጉጉቶችም በዚሁ ደን ቀኑን ተሰውረው ይውላሉ።

መንገድ መሪያችን በመጀመሪያ ያሳየን ዛፉን ሳይሆን መሬቱን ነበር። ከአንድ ጥድ ሥር ነጭ ኩስ ተረጭቷል፤ ከአጠገቡም አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ነገር ወድቋል። ልጄ በእንጨት ቢፈለቅቀው የአይጥ ጠጉርና ጥርስ ወጣ። ጉጉት ያደነችውን ትንሽ እንስሳ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ትውጠዋለች፤ ሆዷ ያልፈጨውን አጥንትና ጠጉር ጠቅልላ በአፏ መልሳ ትተፋዋለች።

ቀና ብለን ብናይ ግን ከቅርንጫፍ በቀር ምንም አልነበረም። ባለቤቴ እንዲህ አለኝ፤ «ወፍ አትፈልጊ። ወታደር በካሙፍላጅ የተሰወረን ሰው ሲፈልግ፣ ቅርጹ ከአካባቢው ጋር ያልገጠመውን ነገር ነው የሚፈልገው። ከግንዱ ጀምረሽ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ በዓይንሽ ውጪ።» እንዳለኝ አደረግሁ። ዓይኔ በአንድ ስባሪ እንጨት ላይ ሁለት ጊዜ አርፎ አለፈ። በዚህ ጊዜ ልጄ ክንዴን ይዞ «እማዬ፣ እንጨቱ ዓይን አለው!» ሲል አንሾካሾከ።

የአቢሲኒያ ጉጉት ነበረች፤ የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ በስሟ ይዛለች። ቡናማና ጥቁር ዝንጉርጉር ላባዋ ከጥዱ ቅርፊት አይለይም። በራሷ ላይ የቆሙት ሁለት የላባ ቁንጮዎች ጆሮ ቢመስሉም ጆሮ አይደሉም፤ እውነተኛ ጆሮዎቿ በራሷ ግራና ቀኝ በላባ ተሸፍነዋል። ስታየን ሰውነቷን አቅጥና ቀጥ አለች፤ ዓይኖቿንም ጨፈን አድርጋ በጠባብ ስንጥቅ ተመለከተችን። መንገድ መሪው «ፈርታ ነው፤ ወደ ኋላ እንበል» አለን።

ይህ ቃል ልቤን ነካው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁት ፍጥረት እኔን ፈርቶ እንጨት መስሎ ቆሟል። ጉጉት በሌሊት የምትጮኸውም የትዳር ጓደኛዋን ለመጥራትና ድንበሯን ለማስከበር መሆኑን በዚያው ዕለት ተረዳሁ። እኔ ባለቤቴን ስጠባበቅ ባደርኩባቸው ሌሊቶች፣ የጓሮዬዋ ጉጉትም የራሷን ትጣራ ነበር ይሆናል።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ሳልጠይቀው ወንጭፉን አምጥቶ ሰጠኝ። ዛሬ ባለቤቴ እንደገና ግዳጅ ላይ ነው። ናፍቆቱና ሥጋቱ አልቀሩም፤ ጉጉት ስትጮኽ ግን ወደ በሩ አልመለከትም።

እህቶቼ፤ በጓሮአችሁ ጉጉት ብትጮኽ ለልጆቻችሁ ድንጋይ አታስጨብጡ። ሲነጋ ከዛፉ ሥር ኩሱንና አጥንቱን ፈልጉ፤ ከዚያም ራቅ ብላችሁ በዝግታ ተመልከቱ። የአይጥ መርዝም ባትበትኑ መልካም ነው፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ጉጉት ልትሞት ትችላለችና። እኛ ስንተኛ እህላችንን ከአይጥ የምትጠብቅልንን ዘብ በገዛ እጃችን አናጥፋ።