ከሐስኪዎቹ ጋር ያሳለፍናቸው ቅዳሜዎች

የኳስ ጨዋታ በቤተሰብ መጽሔት ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። አያትን፣ ወላጅንና ልጅን በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስቀምጦ የሚያነጋግር ነገር በዚህ ዘመን ብርቅ ሆኗል። ሁሉም የየራሱን ስልክ ይዞ ወደየማዕዘኑ በሚያፈገፍግበት በዚህ ጊዜ እኛን ያሰባሰበን የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኳስ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው ከዚህ ቡድን ጋር ካሳለፍናቸው ጊዜያት የማንረሳቸውን መርጠን ለእናንተ ለማካፈል ወደድን።

የምንኖረው በሲያትል ነው። ዋሽንግተን ሲባል ብዙ ወገኖቻችን ዋና ከተማዋን ዲሲን ያስባሉ። የእኛዋ ግን በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የምትገኘው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ናት። ከሁለታችን አንዳችን ታክሲ እንነዳለን፣ አንዳችን ደግሞ አረጋውያንን እንንከባከባለን። ሦስት ልጆች አሉን፤ ከደሴ የመጡት እማማም ከእኛ ጋር ናቸው። የከተማው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሐስኪ ይባላል፤ ስሙ የበረዶ ጋሪ ከሚጎትቱት ውሾች የተወሰደ ነው። ስታዲየሙ በሐይቅ ዳር የተሠራ ሲሆን ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ይይዛል። በመኪናና በባቡር ከሚመጣው ሌላ በጀልባ የሚመጣ ደጋፊም አለ። እማማ የቡድኑን ስም ትርጉም የሰሙ ዕለት፣ “ይህን ሁሉ ጎበዝ ሰብስበው በውሻ ስም ይጠሩታል?” ብለው ተገርመው ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ እናስረዳ። የአሜሪካ ፉትቦል በስሙ እንጂ በግብሩ ከእኛ እግር ኳስ ጋር ብዙ ዝምድና የለውም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። የማጥቃት ተራ የደረሰው ቡድን አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ ይህም ስድስት ነጥብ ነው። መግፋቱ ሲያቅተው ኳሱን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ ሦስት ነጥብ አለው። ትልቋ ልጃችን ይህን ለእማማ ስታስረዳ፣ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነዋ!” ብለው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ያ ዓመት በሁለት ምክንያት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። አንደኛው የሊጉ ጉዳይ ነው። ሐስኪዎቹ የሚወዳደሩበት፣ ፓክ 12 የተባለውና ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው የምዕራቡ ሊግ፣ በቴሌቪዥን ገንዘብ ምክንያት አብዛኞቹ አባላቱ ሊለቁት ስለወሰኑ በዚያ መልኩ የመጨረሻ ዓመቱን ይጫወት ነበር። ሁለተኛው የቤታችን ጉዳይ ነው። ትልቋ ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የት ትማራለች? በምን ገንዘብ? ከቤት ትወጣለች ወይስ አትወጣም? እነዚህ ጥያቄዎች በየቀኑ ከእኛ ጋር ምሳና እራት ይቀርቡ ነበር። ቅዳሜ ልጆቹ ከመድረሳ ሲመለሱ ግን ለጥቂት ሰዓት ጥያቄው ሁሉ ይረሳና ጨዋታው ይከፈታል።

የኦሪገኑ ፍልሚያ

ኦክቶበር 14 ቀን ጎረቤቱ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ሲያትል መጣ። ሁለቱም እስከዚያች ዕለት አልተሸነፉም። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኦሪገን 33 ለ29 ይመራ ነበር፤ ኳሱም በእጁ ነው። አራተኛው ሙከራ ላይ ኳሱን አርቆ መምታት ሲችል ልግፋ አለና አልሆነለትም። ሐስኪዎቹ ኳሱን ተረክበው በሁለት ውርወራ ብቻ አገቡ። የመጨረሻዋን 18 ያርድ ማይክል ፔኒክስ ወረወረ፣ ሮም ኦዱንዜ ተቀበለ። ኦሪገን ደግሞ በመጨረሻዋ ሴኮንድ አቻ ለመሆን ከ43 ያርድ መታ፤ ኳሷ ከቋሚው ውጪ አለፈች። ውጤቱ 36 ለ33 ሆነ። ትንሹ ልጃችን በደስታ ሲጮህ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪመቱ አልሰማቸውም።

ስለ ፔኒክስ ጥቂት ማለት ይገባናል። ይህ በግራ እጁ የሚወረውር ወጣት ወደ ሲያትል ከመምጣቱ በፊት በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ከ2018 እስከ 2021 በአራቱም ዓመት እየተጎዳ ከሜዳ ወጥቷል። ሁለት ጊዜ ጉልበቱ፣ ሁለት ጊዜ ትከሻው። ሌላ ሰው ቢሆን ኳሱን ጥሎ በሄደ ነበር። እሱ ግን ታክሞ፣ ተነሥቶ፣ አገር አቋርጦ መጣና በ2023 ለአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው ሽልማት ሁለተኛ ወጣ። ለልጆቻችን ስለ ሶብር ብዙ ጊዜ ነግረናቸዋል። በዓይናቸው ሲያዩት ግን ከምክራችን ይልቅ ዘለቃቸው።

ያላማረች ድል

ከሳምንት በኋላ ከአሪዞና ስቴት ጋር በተደረገው ጨዋታ ያ የተፈራው የማጥቃት ክፍል አንዲት ታችዳውን እንኳ ማስቆጠር አቃተው። በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሲመሩ የነበሩት እንግዶቹ ነበሩ። ያን ጊዜ ከተከላካዮቹ አንዱ፣ ሚሼል ፓወል፣ የባላጋራውን ውርወራ ቀምቶ 89 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። 15 ለ7 አሸነፉ። ጋዜጦቹ ጨዋታውን አላደነቁትም፤ እኛ ግን ወደድነው። በቤታችን አንዳችን ሥራ ስንፈታ ሌላችን ትርፍ ሰዓት እየገባን ያለፍናቸው ወራት አሉ። ቤተሰብም ቡድንም የሚቆመው አንዱ ሲደክም ሌላው ሲሸከም ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ኖቬምበር 11 ቀን ከዩታ ጋር በተደረገው ጨዋታ አንድ የሐስኪ ተጫዋች ኳስ ቀምቶ ሜዳውን ሁሉ ሮጠ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ማንም አልደረሰበትም። ግን በደስታ ብዛት መስመሩን ከማለፉ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ኳሱን ለቀቃት። ባላጋራዎቹ አነሡትና ነጥቡ ቀረ። እማማ ሳቃቸውን መቆጣጠር እያቃታቸው፣ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!” አሉ። ደግነቱ ጓደኞቹ ወዲያው ባላጋራውን በራሱ መስመር ውስጥ ጥለው ሁለት ነጥብ አገኙለት፤ 35 ለ28ም አሸነፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ጨረስን ብለው ሲዘጉ እማማ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። “መስመሩን አልፋችኋል?”

አራተኛው ሙከራ

ገንዘብ አጠራቅመን ስታዲየም የገባነው ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገው፣ አፕል ካፕ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ ወንድማማቾች ግጥሚያ ነበር። ከሬኒየር ሰፈር በባቡር ሄድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማማ ሦስት ጋቢ ደርበዋል። ዐስርን በመተላለፊያው ጥግ ስንሰግድ አንድ የስታዲየሙ አስተናጋጅ ሰው እንዳይረግጠን ከፊታችን ቆሞ ጠበቀን።

21 ለ21 እንደሆኑ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ቀረው። ኳሱ በሐስኪዎቹ እጅ ነው። ነገር ግን በራሳቸው ሜዳ 29 ያርድ ላይ ናቸው፤ አራተኛው ሙከራ ነው፤ የሚቀራቸው አንድ ያርድ ነው። ደንበኛው ነገር ኳሱን አርቆ መምታት ነበር። ካልተሳካላቸው ጨዋታውን ለባላጋራው አስረከቡ ማለት ነው። አሠልጣኙ ኬለን ዲቦር ግን እንሂድ አሉ። ኳሱ ለኦዱንዜ ተሰጠ፤ በጎን በኩል 23 ያርድ ሮጠ። ከዚያም ግሬዲ ግሮስ የተባለው መቺ ሰዓቱ ሲያልቅ ከ42 ያርድ መትቶ 24 ለ21 አደረገው።

ከሁሉ የበለጠ የነካን ግን ማታ ቤት ገብተን በስልክ ያየነው ነው። ግሮስ ስኮላርሺፕ ያልነበረው ተጫዋች ነበር። አሠልጣኙ በልብስ መቀየሪያው ክፍል በጓደኞቹ ፊት ከዛሬ ጀምሮ ስኮላርሺፕ አለህ አሉት። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። የእኛ ቤት ግን ጸጥ አለ። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጃችን ስልኩን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች።

የአንድ ሴኮንድ ነገር

ሐስኪዎቹ ዲሴምበር 1 ቀን በላስ ቬጋስ ኦሪገንን በድጋሚ 34 ለ31 አሸንፈው የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ደግሞ በኒው ኦርሊንስ ለአገር አቀፉ ዋንጫ ማጣሪያ ቴክሳስን ገጠሙ። በዚያ ዓመት የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ በአዲስ ቅጽ ስለተተካ በኦክቶበር ፈንታ የተከፈተው በዲሴምበር መጨረሻ ነበር። ልጃችን ኮምፒዩተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ ዓይኗ በቅጹ፣ አንድ ዓይኗ በጨዋታው ላይ ነበር። ፔኒክስ 430 ያርድ ወረወረ። ሆኖም 37 ለ31 እየመሩ አንዲት ሴኮንድ ስትቀር ቴክሳስ ከመስመሩ 13 ያርድ ያህል ብቻ ርቆ ቆመ። አንድ ውርወራ ሁሉን ይወስናል። ኳሷ ወደ ጥጉ ተወረወረች። ኢላይጃ ጃክሰን ዘልሎ በእጁ ገጨትና መለሳት። አበቃ! እኛ ስንተቃቀፍ ልጃችን የቅጹን ማስገቢያ ተጫነች።

ሽንፈቱ

ጃንዋሪ 8 ቀን በሂዩስተን ሚሺጋን 34 ለ13 አሸነፋቸው። እስከ መጨረሻው ሩብ ድረስ 20 ለ13 ነበር፤ ተስፋ አልተቆረጠም። ነገር ግን ፔኒክስ እየተመታ፣ እየተነሣ፣ አሁንም እየተመታ አመሸ። ከ2022 ጀምሮ 21 ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን በሃያ ሁለተኛው ወደቀ። ትንሹ ልጃችን አለቀሰ። እማማ ወደ ጉያቸው ስበው፣ “አሥራ አራት ቀን ጠግቦ አንድ ቀን ጦሙን ያደረ ሰው ተራበ ይባላል?” አሉት። ሽንፈቱን ከማንረሳቸው ጊዜያት መካከል የቆጠርነው ለዚህ ነው። ልጅ መሸነፍን በቤቱ፣ በአያቱ ጉያ ሆኖ ቢማረው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ

አሠልጣኙ ከአራት ቀን በኋላ ወደ አላባማ ሄዱ። በኤፕሪል ፔኒክስ ወደ አትላንታ፣ ኦዱንዜ ወደ ቺካጎ ተመረጡ። ሐስኪዎቹም ወደ ቢግ ቴን ሊግ ተዛወሩ። ለእኛ ቤት ደግሞ ደብዳቤ መጣ። ልጃችን ሙሉ የትምህርት ክፍያ ያገኘችው በፑልማን ከተማ ባለው በዋሽንግተን ስቴት ነበር። ያ የአፕል ካፑ ባላጋራ! ከቤታችን 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ተማከርን። ሴት ልጅን ያን ያህል ርቀት ብቻዋን መላክ ለእኛ ቀላል አልነበረም። ከወዳጆቻችን ከፊሉ ይቅርባችሁ አሉን፤ ከፊሉ ዕድሏን አትዝጉባት አሉን። አንድ ማታ ልጃችን ከፊታችን ተቀምጣ፣ “አራተኛው ሙከራ ላይ ነን፤ እንምታ ወይስ እንሂድ?” አለችን። መልስ ሳንሰጥ እማማ ተናገሩ። “እኔን አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው ብለው አስቀሩኝ። ከዚህ ቤት በርቀት የቀረ ሰው እኔ እበቃለሁ።” ከዚያ በኋላ የሚጨመር ቃል አልነበረም።

በሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ሁለቱ ቡድኖች እንደገና በሲያትል ተገናኙ። ልጃችን የአዲሱን ትምህርት ቤቷን ሹራብ ለብሳ መጥታ ከመካከላችን ተቀመጠች። ሐስኪዎቹ 24 ለ19 እየተመሩ በመጨረሻ ከመስመሩ አንድ ያርድ ሲቀራቸው፣ በአራተኛው ሙከራ ገፉ፤ ተገቱም። አራተኛ ሙከራ ሁልጊዜ አይሳካም። እሷ ዘለለች፣ ወንድሞቿ አኮረፉ፣ እማማ ለሁለቱም ወገን ቡና አፈሉ።

ውድ አንባብያን! ሁሉም ቤተሰብ ኳስ ይመልከት አንልም። የሌላው ቤት የጋራ ነገር የጓሮ አትክልት ወይም የቡና ሰዓት ሊሆን ይችላል። ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውን የሚቆዩበት ዘመን ግን እንደ ኳስ ወቅት አጭር ነው፤ የጨዋታው ቁጥር ታውቆ ተቆርጦ የተሰጠ ነው። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከፑልማን ስልክ ይደወላል። ልጃችን አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ጤናችን ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን፣ “ሐስኪዎቹ ስንት ለስንት ናቸው?” የሚል ነው። አላህ የሁላችንንም ልጆች በያሉበት ይጠብቅልን።