ሀገር ማየት በሮብ ገበያ

ሀገር ማየት ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የባሶ ገበያ ገናና በነበረበት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአባይ ማዶ የመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ በረሃውን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ይጓዝ የነበረው በሲራራ ነጋዴ ነው። ሲራራው መንገድ የሚያውቅ፣ ከኬላ ጠባቂ ጋር የሚነጋገር፣ የት እንደሚታደር የሚወስን መሪ ነበረው። ግሸንን ወይም ላሊበላን ሊሳለም የሚሄደውም ምእመን ብቻውን አይነሣም፤ ቀድሞ የረገጠው ሰው ይመራዋል። ከዚያም ርቆ መሄድ ይቻላል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ነጋዴ ኮስማስ የአዱሊስ ሰዎች በመርከብ ታፕሮባን ወደምትባል ደሴት ይጓዙ እንደ ነበር ጽፏል። ያች ደሴት በኋላ ሲሎን ተብላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ስሪ ላንካ የተባለችው ናት።

ልዩነቱ የቀድሞው መንገደኛ የሚሸጠው ወይም የሚሳለመው ነገር ስለ ነበረው፣ ከደረሰበት ሕዝብ ጋር ግድ መነጋገሩ ነበር። የዛሬው ጎብኝ ዓይኑን ብቻ ይዞ ይመጣል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ኢትዮጵያን ለዓለም ማስተዋወቅ ሲጀምሩ፣ ተጋባዡ በአመዛኙ የባሕር ማዶ ሰው ነበር። ኢትዮጵያዊው ራሱ በቡድን ተደራጅቶ፣ ገንዘብ ከፍሎና አስጎብኚ ይዞ አገሩን ማየት የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የተጓዘው ቡድን እንደዚህ ያለ ነበር። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አንድ ሠዓሊ፣ ደግሞም በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩበት። አስጎብኚው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ጣሊያን የሠራውን አሮጌ ድልድይና እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ጎን ለጎን አሳየ። ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ የከተማዋ የቀድሞ ስም መንቆረር እንደ ነበር ነገራቸው። በቃሉ ያጠናውን ሳያዛንፍ የሚናገር፣ ጨዋ ወጣት ነበር።

አስተማሪዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንዲሁ ያለ ጉዞ ስሪ ላንካን ጎብኝተዋል። የሲጊሪያን አለት ወጥተዋል፤ በካንዲ የጥርስ ቤተ መቅደስ ጫማ አውልቀው ገብተዋል፤ በኮረብታዎቹ ላይ ሻይ ቅጠል የሚለቅሙ ሴቶችን ፎቶግራፍ አንሥተዋል። የዚያች ደሴት ከፍተኛው ተራራ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ብዙም እንደማይበልጥ መናገር ይወዱ ነበር፤ የጎጃም ሰው ሲሰማው ደስ እንደሚለው ያውቃሉና። አንድ ነገር ግን ያስቆጫቸዋል። የሻይ ለቃሚዎቹ አያቶች እንግሊዞች ከደቡብ ህንድ ያመጧቸው ታሚሎች መሆናቸውን፣ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ነፃ ስትወጣም አብዛኞቹ ዜግነት መከልከላቸውን ያወቁት አዲስ አበባ ተመልሰው መጽሐፍ ሲገልጡ ነው። የዚያ አገር አስጎብኚ የነገራቸው ቅጠሉ እንዴት እንደሚደርቅ ነበር።

ቡድኑ ሮብ ገበያ የደረሰው በገበያው ዕለት ነው። መንገዱ ድንችና ገብስ በጫኑ አህዮችና በበግ መንጋ ተሞልቶ፣ ባና የደረበው ሰው ሁሉ በቁር ውስጥ ሲገበያይ ነበር። በጉዞው መርሐ ግብር ላይ ለገበያው የተመደበው ሃያ ደቂቃ ነው። ጎብኝዎቹ ካሜራቸውን አወጡ። የሚያስገርመው ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ የድንቹን ዋጋ እንኳ በአስጎብኚው በኩል መጠየቃቸው ነበር። አስተማሪዋ ግን ድንች የዘረጉ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ፣ እርሻዎ ከወዴት ነው?»

ሽማግሌው በዱላቸው ወደ ተራራው አመለከቱ። «አያቴ ያረሰው ታቹን ነበር፣ እመቤቴ። አባቴ መሐሉን አረሰ። እኔ ከጅብራው ሥር ደርሻለሁ። ልጄ እንግዲህ ወዴት ይውጣ?»

አስጎብኚው መኪናው እንደሚጠብቅ አሳሰበ። «እትዬ፣ ይህ ለእንግዳ የሚነገር አይደለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አጎቱም በዚያው ዳገት ላይ እንደሚያርስ ኋላ ነገራቸው። ያፈረው በሽማግሌው አልነበረም፤ የአገሩ ችግር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ለመንገደኛ መገለጡ ነው ያሳፈረው። የእንግዳ አክባሪ ልጅ ነውና አይፈረድበትም። ቢሆንም ለመንገደኛው ሊነገር የሚገባው ይኸው ነበር። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጨሞጋን፣ ሙጋን፣ ተምጫን እያመነጨ አባይን ይመግባል። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጓሳውና አስታው ይመነጠራል፤ አፈሩም በክረምት ከወንዞቹ ጋር ይወርዳል። ጅብራው ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ሳያብብ የተቆረጠ ዘር አይተውም። ሽማግሌው ይህን ከማንም መምህር አስቀድመው ያውቁታል። የቸገራቸው ሌላ መሬት ማጣታቸው ነው።

ቡድኑ ከሰዓት በኋላ ጅብራው ዘንድ ደረሰ። ሁሉም እየተጠጋ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሠዓሊው ብቻ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ የእርሻውን ትልም ሲነድፍ ዋለ። አስጎብኚውም ሲመለሱ የተጠናውን ንግግር ትቶ የአጎቱን ማሳ በጣቱ አሳያቸው።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ የጎብኝ አውቶቡስ ከዚያ መንገድ ራቀ። ወጣቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። አስተማሪዋ ስልኩ በሠራ ቀን ይደውሉለታል፤ የሽማግሌው ልጅ መሬት አግኝቶ እንደሆነም ይጠይቁታል። ወጣቱ አጠያይቆ ሊነግራቸው ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ከቡድኑ የሽማግሌውን ስም የጠየቀ ሰው አልነበረም።