የሐማና ከረዝና የበረንዳዋ ዛፍ

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንዲት ትንሽ ዛፍ እንጨዋወታለን። በሊባኖስ የምትኖሩ ስሟን በዐረብኛ «ከረዝ» ብላችሁ ታውቋታላችሁ፤ በሀገራችን ከተሞች ደግሞ ኬክ ላይ በምትቀመጠው ቀይ ፍሬ «ቼሪ» ተብላ ትታወቃለች። ድንክ ሆና በአበባ መትከያ ማሰሮ የምትበቅለው ዓይነት በአንዳንድ ቤቶች በረንዳ ላይ ትገኛለች። ገዝቶ የሚያመጣት የቤቱ ባለቤት ነው፤ ውኃ የምታጠጣት፣ ቅጠሏን የምትጠርግ፣ ሳታፈራ ስትቀርም የምትጠየቀው ግን ከእናንተ አንዷ ናት። ስለዚህ የዛፏን ጠባይ ማወቅ ለእናንተ የጊዜ ማሳለፊያ ወሬ ብቻ አይደለም።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ የዕረፍት ቀናቸው ከሆነ ሁለት እኅቶች ጋር ከቤይሩት ወደ ሐማና ወጥተን ነበር። ሐማና ከቤይሩት በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በከረዟ የታወቀች የተራራ ከተማ ናት። የደማስቆን መንገድ ይዘን በዓሌይ፣ በብሐምዱንና በሶፈር በኩል ስንወጣ ጆሮአችን ይደፈን፣ አየሩም ይቀዘቅዝ ጀመር። ከእኅቶች አንዷ የመኪናውን መስኮት ከፍታ «አባ፣ ደብረ ብርሃን የደረስን መሰለኝ» አለችኝ።

ከከተማዋ በላይ የቆመው ተራራ ጀበል ክኒሴ ይባላል፤ «የቤተ ክርስቲያን ተራራ» ማለት ነው። ከበታቿ ያለው ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 በምሥራቅ ሀገሮች በተጓዘው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በላማርቲን ስም ይጠራል። ተዳፋቱ እንደ ኮንሶ ምድር በድንጋይ እርከን የተሠራ ነው። በየእርከኑ ላይ የከረዝ ዛፎች ቆመዋል፤ ፍሬውም በዚያ ሰሞን መቅላት ጀምሮ ነበር።

ከሁለቱ እኅቶች አንዷ በልቧ ይዛው የወጣችው ጉዳይ ነበራት። ማዳሟ ከሦስት ዓመት በፊት ገዝታ በረንዳ ላይ ያስቀመጠቻት ድንክ ከረዝ አንድም ፍሬ አልሰጠችም። «ውኃ አብዝተሽ አበላሸሻት፤ ዋጋዋን ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» ተብላለች። ያ ደመወዝ ደግሞ ወር በደረሰ ቁጥር ወደ ወሎ የሚላክ፣ የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣበት ነው። እርከኑን ይኮተኩቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ነገሩን ሰምተው «ክረምቱን ማሰሮዋ የት ነው የምትከርመው?» ብለው ጠየቋት። «ቤይሩት፣ ባሕሩ ፊት ለፊት» አለቻቸው። አዛውንቱ ፈገግ ብለው «ከረዝ በዱ በርድ» አሏት። ከረዝ ብርድ ይፈልጋል ማለታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሊባኖስ ክረምቱ የኛ በጋ በሚሆንበት ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይገባል። ያን ጊዜ ከረዝ ቅጠሏን ሁሉ አራግፋ ትተኛለች። ብዙዎቹ ጣፋጭ የከረዝ ዓይነቶች በዚያ እንቅልፍ ውስጥ፣ እንደየዓይነታቸው ከ700 እስከ 1,200 ሰዓት ያህል፣ ከ7 ዲግሪ በማይበልጥ ብርድ ውስጥ መቆየት ይኖርባቸዋል። በቀን ብናሰላው ከ1 ወር እስከ 50 ቀን ገደማ ይሆናል። ብርዱ ካልሞላላት እንቡጧ በወጉ አይነቃም፤ ቅጠል ታወጣለች እንጂ አበባዋ ጥቂት ይሆናል፤ ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። በሐማና ይህ ብርድ በየዓመቱ ይገኛል። በቤይሩት ግን የጥር ሌሊት እንኳ በአማካይ 11 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዱባይና በዶሐ ላላችሁማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። እንግዲህ ይህችን ዛፍ ማንም ሴት በውኃም ሆነ በጥንቃቄ ብዛት በባሕር ዳር ልታስፈራት አትችልም።

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቹ ጣፋጭ ከረዞች ፍሬ የሚይዙት የሌላ ዓይነት ከረዝ የአበባ ዱቄት በንብ ተሸክሞ ሲደርሳቸው ነው። ብቻዋን የቆመች ዛፍ ብታብብም አበባዋ ይረግፋል። ለብቻዋ የምታፈራው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ከካናዳ የወጣችውን «ስቴላ»ን የመሰለች ዓይነት ናት። ማዳማችሁ አዲስ ልትገዛ ብታማክራችሁ ይህን ንገሯት።

ድንክነቷ ደግሞ የሚመጣው ከሥሯ ነው። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 11 በሌላ ዛፍ ላይ ስለ ገባው የወይራ ቅርንጫፍ ሰምታችኋል። ከረዝም እንዲሁ የጣፋጩ ዛፍ ቀንበጥ ተቆርጦ በሌላ ሥር ላይ ይዳቀላል። በጀርመን ሀገር በጊሰን ከተማ የወጣው «ጊዜላ 5» የተባለው ሥር ዛፏን ከ2 እስከ 3 ሜትር አካባቢ ያስቀራታል፤ በማሰሮ ስትሆን ከዚያም ታንሳለች። ድንጋያማና ደረቅ አፈርን የሚችለው ሌላው ሥር ግን የእናንተው የማእድ ቤት ወዳጅ ነው፤ ለመዓሙል ሊጥ የምትጨምሩት «መሕለብ» የዚሁ ዛፍ የዘር ፍሬ ነው።

ብርድ በሚገኝበት ተራራማ ስፍራ የምትኖሩ ከሆነ አያያዟ ይህ ነው። ማሰሮዋ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከታች በደንብ የተበሳ ይሁን። ውኃ ከመስጠታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ለነገ አቆዩት። ሥሯ ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ይበሰብሳል። ፍሬ ስትይዝ ግን አስጠምቶ በአንዴ ማርካት አይገባም፤ ፍሬው ይሰነጠቃል። በሁለት በሁለት ዓመት አፈሯን አድሱላት። ቅርንጫፏን የምትቆርጡት በዝናብና በብርድ ወራት ሳይሆን በደረቁ ወራት፣ ፍሬዋ ከተለቀመ በኋላ ይሁን፤ በእርጥብ ጊዜ ቁስሏ በሽታ ይቀበላል። ፍሬው መቅላት ሲጀምር ለወፍ መረብ አልብሷት። ከተለቀመ በኋላ ስለማይበስል በዛፉ ላይ ይብሰል፤ ስትለቅሙም ከነዘንጉ ይሁን። በውስጡ ያለውን ፍሬ ግን ሕፃናት እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ፤ መርዝ ይወጣዋል።

ያቺ እኅታችን የአዛውንቱን ቃል ለማዳሟ አደረሰች። ማዳሚቱም መጀመሪያ ብትቆጣም ለአንድ ዘመዷ ደውላ ብትጠይቅ ያንኑ ሰማች፤ የደመወዙም ነገር ቀረ። ቤተሰቡ በተራራ ላይ ቤት ነበረውና በኅዳር ማሰሮዋ በመኪና ተጭና ወጣች። ሰዎቹ ሙቀቱን ሸሽተው በበጋ ወደ ተራራ ሲወጡ፣ ዛፏ የምትሻው ክረምቱን ኖሯል። በሚያዝያ ነጭ አበባ ለብሳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እኅታችን ልካልኝ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ዘሩን ይዘን ሀገራችን ብንተክለውስ ትሉኛላችሁ። ከዘር የበቀለ ከረዝ ድንክ አይሆንም፤ የእናቱንም ፍሬ በትክክል አይሰጥም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ደጋችን ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ብርዱ አይሞላለትም። ነገር ግን ብርድ ሳይቆጥር በሀገራችን የሚበቅል የከረዝ ዘመድ አለን፤ እርሱም ጥቁር እንጨት ነው። በቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ውስጥ ይገኛል። እኔም በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ጥላው ሥር ተቀምጬ ቅኔ ቆጥሬያለሁ። ፍሬው መራራ ስለሆነ ለሰው አይበላም፤ ወፎችና ጦጣዎች ግን ይወዱታል፤ አበባውም ለንብ ቀለብ ነው። ልጡ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ እየተገፈፈ በብዙ ስፍራ ተመናምኗል። ዘሩ ከደረቀ ቶሎ ስለሚሞት እንደ ተለቀመ መዘራት አለበት።

ስለዚህ ወደ ሀገር ስትደውሉ፣ በደጋና በወይና ደጋ ያሉ ዘመዶቻችሁን «በደብራችሁ ጥቁር እንጨት ቀርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ካለ በዚህ ዓመት ከሥሩ ትኩስ ፍሬ ለቅመው ችግኝ ያፍሉላችሁ፤ ስትመለሱ ቁመቱን ከቁመታችሁ ጋር ትለኩታላችሁ።

ቸር ይግጠመን።