ዝናብ ለሁሉም እኩል ነውን?

አንባቢ ሆይ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ላደገ ሰው የአዲስ አበባ ክረምት ዋዛ አይደለም። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቀን ፀሐይ ስለሚወጣ ሰው ይፍታታል፤ በሐምሌ ግን ደመናው ፀሐይን ከልሎ ስለሚውል ብርዱ በቀትርም አይለቅም። እኔ ካፖርት የሚባለውን ነገር በፊልም እንጂ በሰው ላይ አይቼ አላውቅም ነበር ብል ብዙ አላጋነንሁም።

እናቴ ደመና ባየች ቁጥር ልቧ ይሸበራል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ስንቱን ቤተሰብ ከነቤቱ ጠርጎ ሲወስድ ያየች ሴት ናትና። ስለዚህ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ፣ «ልጄ፣ አደራህን ወንዝ ዳር ቤት እንዳትከራይ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቃሏን አክብሬ ከመገናኛ አጠገብ፣ አስፋልት ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ትምህርት ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጀመረ። ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ትኩስ ሻይ ይዤ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስማት እንዴት ደስ ይል ነበር! ጧት ጃንጥላዬን ዘርግቼ ስወጣም ጫማዬ እንደ ተወለወለ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። ክረምትን እወደው ጀመር።

በዚያው ሰኔ ተረኛ መምህር ሆኜ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ከደወሉ በኋላ መጣ። በሳምንቱ ውስጥ ሲዘገይ ሦስተኛው ነበር። «ዝናብ ነው ቲቸር» አለኝ። እኔም «ዝናቡ የሚዘንበው ለሁሉም እኩል ነው፤ እኔ እንዴት ደረስሁ?» ብዬ መለስሁት። ቃል ሳይተነፍስ ዞሮ ሄደ። እኔ ሥርዓት ያስከበርሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ሐምሌ ሲብት የቤቱ ባለቤት ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ክፍሉን ፈለጉት። በደመወዜ የሚቀመስ ቤት ያገኘሁት ከአያት ወዲያ ነው። እናቴ ስለ ወንዝ እንጂ ስለ ዋልካ አልነገረችኝም። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ አብጦ እንደ ሙጫ ይይዛል። በመጀመሪያው ጧት እግሬን ባነሣ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ጎረቤቶቼን ብመለከት፣ ሰው ሁሉ ቦቲ ተጫምቶ፣ ደኅናውን ጫማ በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣል፤ አስፋልት ሲደርስ፣ ጀሪካን ውኃ ይዘው ከሚጠብቁ ልጆች ዘንድ ታጥቦ ይለውጣል። ኮሌጅ ይህን አላስተማረኝም ነበር።

ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር አለ። ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናትና ባቡር ብርቄ አይደለም። ነገር ግን የእርጥብ ልብስ እንፋሎት እየታጠንሁ፣ የማላውቀው ሰው ጃንጥላ ጫማዬ ውስጥ እያንጠባጠበ፣ ቆሜ መሄድን የተማርሁት እዚህ ነው። ለመምህራን በተዘጋጀው የክረምት ሥልጠና በመጀመሪያው ቀን አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስሁ። ስም የሚይዙት ሰው መዝገቡን አጥፈው «ሌሎቹ እንዴት ደረሱ?» አሉኝ። የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

በነሐሴ መባቻ አንድ ማታ ከአስፋልቱ ወርጄ በጨለማ መርገጫ ስፈልግ፣ «ቲቸር፣ በዚህ በኩል ይርገጡ፤ ድንጋይ አለ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያው ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ሲዛወር ትምህርት ቤቱን መልቀቅ ስላልፈለገ፣ ከእኔ ቤት አልፎ ሌላ ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬድ ሰፈር ነበር የሚመላለሰው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣ እንደ ነበር ነገረኝ። ከድንጋይ ድንጋይ እየመራኝ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ፣ በቆሎ ከምትጠብስ ሴት ሁለት እሸት ገዛሁ። ከከሰሉ ዳር ቆመን እየፈለፈልን ያን ቀን ምን እንደ ቀረበት ጠየቅሁት።

«የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ዜሮ ተያዘልኝ» አለ።

ይቅርታ ስጠይቀው አፍሮ «ኧረ ቲቸር!» ብሎ ሳቀ። በቆሎው ግን ለእኔ አልዋጥ አለኝ፤ ውጤቱ ተዘግቷልና ዜሮውን ላነሣለት አልችልም።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይባላል። ዝናቡስ በእርግጥ ለሁሉም እኩል ይዘንባል፤ እኩል ያልሆነው የሚወድቅበት መሬት ነው። ከእንግዲህ ተረኛ ስሆን የሰዓቱን ደንብ አልሽርም፤ ነገር ግን ተማሪን ከበር ከመመለሴ በፊት «ከየት ነው የምትመጣው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያባራል፤ ዋልካውም ይደርቃል፤ የደረቀ ጭቃ ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ይህን በነሐሴ፣ ቦቲዬ ደጃፍ ላይ ሳይደርቅ የጻፍሁትም ስለዚህ ነው።