ሳር ላይ ብቻውን የቆመ

ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ሳር ቤት ካለው መሥሪያ ቤቴ ስወጣ ዝናቡ አላባራም ነበር። ጎፋ ማዞሪያ ስደርስ ጫማዬ ውሃ ጠጥቷል። የእትዬ ካፌ ገብቼ ቀና ስል ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አገር በፀሐይ ይነዳል። ለንደን ከ32 ዲግሪ በላይ ሆኗል። በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ታሪክ የመክፈቻው ቀን እንዲህ ሞቆ አያውቅም አሉ።

ጋሼ እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጾመ ሐዋርያት ነውና ከፊታቸው ያለው ጥቁር ቡና ነው።

«ደረስሽ ልጄ? ነይ ቁጭ በይ። ልጁ ተይዟል» አሉኝ።

ልጁ የሚሉት ካርሎስ አልካራዝን ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዋንጫ የወሰደው የ22 ዓመት ስፔናዊ፣ ከ38 ዓመቱ ጣሊያናዊ ከፋቢዮ ፎኚኒ ጋር ተያይዞ አራተኛው ዙር ላይ ደርሷል። እንግሊዞቹ «ሴት» የሚሉትን እኛ ዙር ነው የምንለው፤ አለዚያ ወሬው ይምታታል። ፎኚኒ አራተኛውን 6 ለ 2 ወሰደና ሁለት እኩል ሆኑ።

በአምስተኛው ዙር ከተመልካቾቹ አንዷን ሙቀቱ አዝለፈለፋት። አልካራዝ ጨዋታውን ትቶ ውሃ ይዞላት ሮጠ። አራት ሰዓት ያህል የሮጠ ሰው፣ ዋንጫው ከእጁ ሊወጣ በሚችልበት ሰዓት! ከዚያ ተመልሶ 6 ለ 1 ጨረሰ። ጋሼ ስለ ውጤቱ ምንም አላሉም። «ውሃውን አየሽው?» ብቻ አሉኝ።

ማታ ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችኝ። ኦንስ ጃቤር ለመተንፈስ ተቸግራ በመጀመሪያው ጨዋታዋ አቋርጣ ወጥታለች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2022 እና በ2023 ለፍጻሜ ደርሳ ሁለቱንም ጊዜ የተሸነፈችው ቱኒዚያዊት ለዚህች የ15 ዓመት ልጅ እንደ ታላቅ እህት ናት። «አክስቴ፣ አሁን ማንን ልደግፍ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገ ወደ ካፌው ይዣት እሄዳለሁ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ካፌው ከትናንት ጀምሮ ሐዘን ቤት መስሏል። የሊቨርፑሉ ዲዮጎ ጆታ በ28 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ከጀሞ መስመር እየሠራ የሚመጣው የታክሲ ሾፌር ቀዩን ማሊያ ለብሶ ገባና ማንንም ሳያናግር ተቀመጠ። እትዬ ሻይ ስታቀርብለት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለችው፤ እንደ ቤተሰብ።

በዊምብልደን የተጫዋች ልብስ ከሞላ ጎደል ነጭ ብቻ ነው፤ የካልሲው ጠርዝ ሳይቀር ደንብ አለው። ዛሬ ግን ፖርቹጋላዊው ፍራንሲስኮ ካብራል በጥንድ ጨዋታ ላይ ክንዱ ላይ ጥቁር ሪባን አስሮ ገባ፤ አዘጋጆቹም ፈቀዱለት። ሾፌሩ ሪባኑን ሲያይ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋ። ቴኒስ አይቶ አያውቅም ነበር። ሲመሽ «እንግዲህ እኔ አንጋፋውን ጆኮቪችን ልያዝ» አለ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

የዛሬውን ቀን ጋሼ ከሳምንት በፊት ጀምረው ይጠብቁት ነበር። ልክ የዛሬ 50 ዓመት፣ ሰኔ 28 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አርተር አሽ ጂሚ ኮነርስን አሸንፎ በዊምብልደን የወንዶችን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በሴቶች አልቲያ ጊብሰን በ1957 እና በ1958 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀድማዋለች።

«እኔ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኳስ አቀባይ» አሉ ጋሼ።

ይህን እስከ ዛሬ አልነገሩንም። በአብዮቱ ማግስት ነበር። ከተማው ውስጥ በነበረ አንድ የሜዳ ቴኒስ ቦታ ለውጭ አገር ሰዎችና ለሹማምንት ልጆች ኳስ እየለቀሙ በሳንቲም ይከፈላቸው ነበር። የአሽን ወሬ የነገራቸው ኳስ ያቀብሉት የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ኮነርስ ኃይለኛ ነው፤ ጠንክሮ የመጣለትን ኳስ አጠንክሮ ይመልሳል። አሽ ግን ኃይሉን ነሣው። ዝቅ ያለ፣ የለዘበ፣ የሚንሸራተት ኳስ እየሰጠ አባከነው። 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 5 ለ 7፣ 6 ለ 4። ሜዳ ሲቀያየሩ ደግሞ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነበር።

የእህቴ ልጅ «ኳስ ማቀበል ምን ይከብዳል?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ዝም ብለው ከእትዬ ጠረጴዛ አንድ ብርቱካን አነሡና ተነሡ።

«ኳስ አይወረወርም። ይንከባለላል» አሉ። ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸው መሬት ሊነካ ሲቃረብ ብርቱካኑን ለቀቁት። በወንበሮቹ እግር መካከል ቀጥ ብሎ ሄዶ ልጅቷ ጫማ ሥር ቆመ። አልነጠረም፣ አልተወላገደም። «የሚነጥር ኳስ የተጫዋቹን ዓይን ይሰርቃል። ከዚያ ሁለት እጅሽን ትዘረጊያለሽ፤ ባዶ መሆኑን ያያል። ከዚያ እጅ ወደ ኋላ፣ ዝም። ነጥብ እስኪያልቅ አንቺ የለሽም።»

ልጅቷ ሞከረች። ብርቱካኑ ነጥሮ የሾፌሩን እግር መታው። አምስተኛው ላይ ተስተካከለላት።

ሌላም ነገር ነገሩን። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ይበራል። በዓለም አቀፉ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ የተፈቀደው ለዚህ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ደንቡን አያውቁም፤ ግን ከአጥሩ በላይ ሄዶ የሚጠፋውን ኳስ ሲያሳድዱ ነው ያደጉት። ዛሬ በዚህች ከተማ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የሚባሉት ወንድማማቾች ልጆችን ቴኒስና ትምህርት አጣምረው እንደሚያስተምሩ ነገርኳቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እኔን ያኔ ራኬት ያስያዘኝ የለም» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የተናገሩት።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ዘንድሮ በዊምብልደን የመስመር ዳኞች የሉም፤ መስመሩን የሚዳኘው ካሜራና ኮምፒውተር ነው። ዛሬ በአናስታሲያ ፓቭሊዩቼንኮቫና በእንግሊዛዊቷ ሶናይ ካርታል ጨዋታ ላይ ግን ሰው በስህተት መሣሪያውን በሜዳው አንድ ክፍል አጥፍቶት ነበር። የካርታል ኳስ በግልጽ ወጣች፣ ድምፅ የለም። ዋና ዳኛው ነጥቡ ይደገም አሉ፤ ፓቭሊዩቼንኮቫ በእጇ የነበረውን ጌም አጣች። ጨዋታውን በስተኋላ ያሸነፈችው እሷ ብትሆንም ቁጭቱ ከባድ ነበር።

ሾፌሩ «በዓይኑ እያየ?» እያለ ተናደደ። ጋሼ እንዳስረዱት፣ ቀይ አፈር የኳሱን ማረፊያ ይይዛል፤ ዳኛው ወርደው በጣታቸው ያሳያሉ። ሳር ግን ምስክር አይሆንም። የዊምብልደን ሳር ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። እንደ ፈረንጆቹ ከ2001 ወዲህ የሚዘራውም አንድ ዓይነት ጠንካራ ሳር ብቻ በመሆኑ ኳሱ እንደ ዱሮው መሬት ለመሬት አይሾልክም፣ ደህና ይነሣል።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ካፌው ከተዘጋ በኋላ ነበር ጨዋታው። ሰፈራችን መብራት ጠፍቷል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። እኔና የእህቴ ልጅ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን አንዲት ስልክ ላይ አፍጥጠናል። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ ጣቢያ ነው። ዛሬ በጨለማ ቤት ውስጥ ከለንደን በአየር የመጣ ምስል ስናይ የሰፈሬ ስም ትርጉሙ ገባኝ።

የ34 ዓመቱ ቡልጋሪያዊ ግሪጎር ዲሚትሮቭ የዓለም አንደኛውን ያኒክ ሲነርን 6 ለ 3፣ 7 ለ 5 እየመራ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁለት እኩል ሲሆኑ፣ ሰርቭ መትቶ ወዲያው ደረቱን ይዞ ወደቀ። የደረቱ ጡንቻ ነው። እያለቀሰ አቋረጠ።

ሲነር አልጨፈረም፣ እጁን አላነሣም። መረቡን ተሻግሮ ሄደና አጠገቡ ቆመ፤ ሲወጣም ቦርሳውን ያዘለት። በኋላ ሲናገር ይህን እንደ ድል አልቆጥረውም አለ።

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አክስቴ፣ ማንን እንደምደግፍ ገና አላወቅኩም። ግን ሁለቱንም ወደድኳቸው» አለችኝ። እኔ ሃያ ዓመት ኳስ ስመለከት ስለ ተቃራኒ ቡድን እንዲህ ብዬ አላውቅም። እግር ኳስ ላይ ማሊያው ይሸፍነናል፤ አሥራ አንድ ሆነው ይሸነፋሉ፣ እኛም በሺህ ሆነን እናዝናለን። እዚህ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሳር ላይ ቆሞ ሁሉ ነገሩ ይታያል። ብቻውን የቆመን ሰው አይቶ መጥላት ከባድ ነው።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ግማሽ ፍጻሜ። ለንደን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን እኛ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ እንደምንም ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አልካራዝ አሜሪካዊውን ቴይለር ፍሪትዝን በአራት ዙር ረታ። ቀጥሎ ሲነር የ38 ዓመቱን ጆኮቪችን 6 ለ 3፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 4 አሰናበተው። ሾፌሩ በመጨረሻ ቆሞ አጨበጨበ፤ ለጆኮቪች፣ እስኪወጣ ድረስ። ሰባት ጊዜ እዚያ ያሸነፈ ሰው፣ የሚሮጥበት እግር እምቢ ሲለው እያየ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

ጾሙ ተፈታ። እትዬ ቄጠማ ጎዝጉዛ ጀበና ጥዳለች። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያውን ማኪያቶ ጠጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኛም ሳር ላይ፣ እነሱም ሳር ላይ ሆነን የሴቶቹ ፍጻሜ ተጀመረ።

በ57 ደቂቃ አለቀ። ኢጋ ሺዮንቴክ አማንዳ አኒሲሞቫን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0። በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ውጤት የታየው እንደ ፈረንጆቹ በ1911 ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የዓለም አንደኛዋን ሳባሌንካን የጣለችው የ23 ዓመት አሜሪካዊት አንድ ጌም እንኳ ሳታገኝ ቀረች። ካፌው ውስጥ መሳቅ የጀመሩ ነበሩ። ሂሳብ ከፍለው ሊወጡ የተነሡም ነበሩ።

«ቁጭ በሉ። እስክትናገር ጠብቋት» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም።

ጠበቅናት። እንባዋን እየጠረገች ማይክራፎኑን ያዘች። መጀመሪያ አሸናፊዋን አመሰገነች። ከዚያ ጨዋታዋን ለማየት በዚያው ጠዋት በአውሮፕላን የደረሱትን እናቷን አመሰገነች፤ ሳግ እየተናነቃት። እትዬ የጀበናውን ክዳን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «እናቷ እንኳን ደረሱላት» አለች።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ፍጻሜው ዛሬ ነው፤ ሲነርና አልካራዝ። ሰኔ 1 ቀን ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ነበር። ያን ዕለት ሲነር ሦስት የማሸነፊያ ነጥብ በእጁ ይዞ፣ ከ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ በኋላ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ 35 ቀን ብቻ ነው ያለፈው።

እትዬ አልካራዝን ያዘች። «አባቴ አርበኛ ነበሩ። ለጣሊያን አላጨበጭብም» አለች። ማንም አልሳቀም፤ የምትለውን እናውቃለን። ጋሼ በለሆሳስ «የወጥ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነው እኮ እትዬ። አባቱ ምግብ አብሳይ፣ እናቱ አስተናጋጅ። ከተራራ ሥር ነው ያደገው» አሏት። መልስ አልሰጠችም። ሻይ ግን ጨመረችላቸው።

የመጀመሪያውን አልካራዝ 6 ለ 4 ወሰደ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲነር በተመሳሳይ ውጤት። በአራተኛው 4 ለ 3 እየመራ ሰርቭ ላይ ሳለ 15 ለ 40 ሆነበት። ፓሪስ በሁላችንም ዓይን ላይ መጣ። የእህቴ ልጅ እጄን ጨብጣ ጥፍሯ ገባ። ሰርቩን ሊያጣባቸው የነበሩትን ሁለቱንም ነጥቦች አመለጠ። በሁለተኛው የማሸነፊያ ነጥብ 6 ለ 4 ደመደመው። የዊምብልደንን የነጠላ ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። እትዬ አላጨበጨበችም። ቃሏን ጠበቀች። ነገር ግን አልካራዝ ፈገግ ብሎ ሲያቅፈው «ጨዋ ልጆች ናቸው» አለች፤ በብዙ ቁጥር።

ሦስት ሰዓት አልፏል። በአራት ሰዓት የቼልሲና የፒኤስጂ የዓለም ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ስለነበር ካፌው በሰማያዊ ማሊያ ተሞላ። «ይቀየር! ይቀየር!» ይላሉ። እትዬ ሪሞቱን በሽርጧ ኪስ ከታ «ገና ነው» አለች።

ሽልማቱ ሊሰጥ ነው። ኳስ አቀባዮቹ ልጆች ሳሩ ላይ ግራና ቀኝ ተሰለፉ፤ ቀጥ ብለው፣ እጃቸው ወደ ኋላ። ሁሉም ሰው ዋንጫውን ያያል። እኔ በአጋጣሚ ዞር አልኩ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። ሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ተጣጥፏል። ዝም ብለዋል። የእህቴ ልጅም አየቻቸውና ተነሥታ አጠገባቸው ቆመች፤ እጇንም እንደሳቸው ወደ ኋላ አደረገች። ልጆቹ ከስክሪኑ እስኪወጡ ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ጋሼ ተቀመጡና «እትዬ፣ አሁን ይቀየር» አሉ።