ኮርቻ የሚባለው ተራራና የሰማይ ድንጋዮች አዟዟር

በደቡብ አሜሪካ በቺሌ አገር፥ ከዋናው ከተማ ከሳንቲያጎ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ፥ በአታካማ ምድረ በዳ ዳርቻ ላ ሲያ የሚባል ተራራ አለ። ትርጓሜው በአገሩ ቋንቋ ኮርቻ ማለት ነው፤ ስሙም የወጣለት ከቅርጹ የተነሣ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ዝናብ እምብዛም አይጐበኘውም። ለገበሬ የማይረባው ይህ ደረቅ አገር ለከዋክብት መርማሪዎች እንደ ርስት ሆኖላቸዋል፤ አየሩ የጠራ፥ ሌሊቱም ከከተማ መብራት የራቀ ነውና።

የአውሮፓ መንግሥታት በ1962 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ተባብረው ያቋቋሙት የደቡብ ሰማይ መመልከቻ ድርጅት መነጽሮቹን በዚህ ተራራ ላይ ተከለ፤ በ1969 ዓ.ም. የቺሌ ፕሬዚዳንት ኤድዋርዶ ፍሬይ ሞንታልባ በተገኙበት ተመረቀ። ወደዚያ የወጣ መንገደኛ በጫፉ ላይ የመነጽሮቹን ጕልላቶች ተደርድረው ያያል። ከነዚህም አንዱ የዴንማርክ ሰዎች ያቆሙት፥ የመስተዋቱ ስፋት 1 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሩቅ ማያ መነጽር ነው።

ወደ ምድራችን እየቀረቡ የሚያልፉት አስትሮይድ የተባሉ ድንጋዮች እንዴት እንደሚሽከረከሩ ከሚለካባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ድንጋዩ በትልቅ መነጽር እንኳ ቢታይ የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ታዲያ የነጥብ መዞር በምን ይታወቃል ቢሉ፥ በብርሃኑ መብዛትና ማነስ ነው። ድንጋዩ ሞላላ እንደ ሆነ፥ ሰፊ ጐኑን ሲያዞርልን ብዙ የፀሐይ ብርሃን ይመልሳል፤ ጠባብ ጫፉን ሲያዞርልን ብርሃኑ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይደምቃል፥ ሁለት ጊዜም ይደበዝዛል። ተመልካቹ ሌሊቱን በሙሉ ፎቶግራፍ እያነሣ፥ ብርሃኑን በአጠገቡ ካሉት ከዋክብት ጋራ እያመዛዘነ ይመዘግባል፤ የብዙ ሌሊት መዝገብ ሲገጣጠም የአዟዟሩ ሰዓት ይገኛል።

በ2004 ዓ.ም. አፖፊስ የተባለው ድንጋይ በተገኘ ጊዜ፥ በ2029 ዓ.ም. ምድርን ይመታ ይሆናል ተብሎ ብዙ ሰው ሠግቶ ነበር። ስፋቱ 340 ሜትር ያህል ነውና ሥጋቱ ቀላል አልነበረም። የቼክ አገሩ ሊቅ ፔትር ፕራቬክና ባልደረቦቹ ከ2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በዴንማርኩ መነጽር ተከታተሉት። አዟዟሩም እንደ እንዝርት ቀጥ ያለ ሳይሆን፥ ሊወድቅ እንደ ተቃረበ እሽክርክሪት የሚንገዳገድ ሆኖ ተገኘ፤ የብርሃኑም ዋና መመላለስ በ30 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይህን ማወቅ ጨዋታ አይደለም። ፀሐይ ያሞቀችው ድንጋይ ሙቀቱን መልሶ ሲለቅ ጥቂት በጥቂት ከመንገዱ ይገፋል፤ ግፊቱ ወዴትና ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት ደግሞ አዟዟሩን ማወቅ ያሻል። ኋላም በራዳር ተለክቶ፥ ቢያንስ እስከ 100 ዓመት ድረስ ምድርን እንደማይመታ በ2021 ዓ.ም. ተነገረ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ አፖፊስ በኛ አቈጣጠር ዓርብ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ ከምድር በላይ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ሌሊቱ ከጠራ በአውሮፓ፥ በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ያለ ሰው ያለ መነጽር ሊያየው ይችላል። በዚያች ሌሊት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ፤ የሚያስፈራው ነገር በትዕግሥት ሲለካ የሚያስደንቅ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አሳዩአቸው።